ፖከር ለጀማሪ፦ ካርታ መቼ ይጣላል፣ መቼ ይጨመራል

አዲስ የፖከር ተጫዋች በብዛት የሚበላው መጣል የነበረበትን ካርታ ይዞ ስለሚቆይ ነው። ኮንከር ለምዶ ወደ ፖከር የሚመጣ ሰው ላይ ይህ ይብሳል። በኮንከር መጥፎ ካርታ ቢደርስዎ እየሳቡ እየጣሉ ያስተካክሉታል። በብዛት በሚዘወተረው የፖከር ዓይነት፣ በቴክሳስ ሆልደም ግን የደረሱዎትን ሁለት ካርታዎች መለወጥ አይቻልም። መሀል የሚወጡት አምስቱ ደግሞ የሁሉም ናቸው፤ እርስዎን የረዱ ካርታዎች ተጋጣሚዎንም ሊረዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለመደው የትኛውን እጅ ይዞ እንደሚገባና የትኛውን ገና ሳይገቡ መተው እንደሚሻል ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ጅማ ውስጥ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ አምስት ስድስት ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለሚጫወተው ዓይነት ጨዋታ ነው። እንዲህ ባለው ጨዋታ ላይ አብዛኛው ሰው ካርታ መጣል አይወድም፤ «እስቲ ልየው» እያለ እስከ መጨረሻው ይከተላል። ምክሮቹ በሙሉ ይህን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

ከመጀመር በፊት

ከፓኬቱ ሁለቱን ጆከሮች ያውጡ፤ 52 ካርታ ይቀራል። ከተገኘ የፕላስቲክ ካርታ ይሻላል። የወረቀቱ በጅማ ክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ሲበወዝም ይጣበቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥጉ የታጠፈ ካርታ ከጀርባው መለየቱ ነው። አንድ ካርታ ከጀርባ መታወቅ ከጀመረ ፓኬቱ በሙሉ ይቀየር።

በብር አይጫወቱ። ጀማሪ ብር ሲያስይዝ ሐሳቡ ብሩ ላይ ስለሚሆን ጨዋታውን አይማርም። ቁማር የማይገባበት ቤትም ጅማ ውስጥ ብዙ ነው፤ ያንን ማክበር ይገባል። ጥራጥሬ ይበቃል። በቆሎ 1፣ ጥሬ ቡና 5፣ ባቄላ 25 ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው 20 በቆሎ፣ 16 ቡናና 4 ባቄላ ቢሰጡ ድምሩ 200 ነጥብ ይሆናል። ለስድስት ሰው 120 በቆሎ፣ 96 ቡና እና 24 ባቄላ ቆጥረው ያዘጋጁ። ቡናው የግድ ጥሬ መሆን አለበት፤ የተቆላ ቡና ዘይቱ ከጣት ወደ ካርታ ይተላለፋል። ሲለቀም ጠቁሮ የወጣው ቡና ለዚህ ይሆናል፣ ደህናውን ማባከን አያስፈልግም። ጥሬ ቡና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ በመሆኑ እንደ አተር ተንከባሎ አያስቸግርም።

የአዳዩን ቦታ ለማመልከት ሲኒ ደፍተው ከፊቱ ያስቀምጡ። እያንዳንዱ እደላ ሲያልቅ ሲኒው ወደ ግራ አንድ ሰው ይሻገራል። ከሲኒው በስተግራ ያለው ሰው ካርታ ሳያይ 1 ያስይዛል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ 2። እነዚህን ትንሹ መደብ እና ትልቁ መደብ እንበላቸው።

የጨዋታው ሂደት

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከትልቁ መደብ ቀጥሎ ካለው ሰው ጀምሮ ሁሉም በተራው ካርታውን ጥሎ ከእደላው ይወጣል፣ ወይም የተያዘውን ያሟላል፣ ወይም ይጨምራል። ከዚያ ሦስት ካርታ በአንድ ጊዜ መሀል ይገለጣል፤ በፖከር ቋንቋ ፍሎፕ ይባላል። ቀጥሎ አራተኛው፣ ተርን። በመጨረሻ አምስተኛው፣ ሪቨር። ከእያንዳንዱ በኋላ ከሲኒው በስተግራ ካለው ሰው የሚጀምር አንድ ዙር ውርርድ አለ፤ ማንም ካላስያዘ ሳይከፍሉ ማለፍ ይቻላል። ቡና የሚወድ ሰው ሦስቱን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቢይዛቸው አይረሳቸውም፤ ንጽጽሩም ይሠራል። እንደ አቦል ሁሉ ዋናው ጥንካሬ የሚለየው በመጀመሪያው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፍሎፑ ሲገለጥ ከሰባቱ ካርታዎ አምስቱን አይተዋል። አቦሉ ያልረዳው እጅ በረካን ይጠብቃል ብሎ መክፈል ውድ ነው።

በመጨረሻ ከሰባቱ ካርታ የተሻለው አምስት ይቆጠራል። ደረጃው ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ትልቅ ካርታ ብቻ፣ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር)፣ ፍላሽ (አምስት ምልክታቸው አንድ የሆነ)፣ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና ጥንድ)፣ አራት ተመሳሳይ፣ ምልክቱ አንድ የሆነ ስትሬት። ጀማሪን የሚያሳስተው ስትሬትና ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሽ ይበልጣል። ኤስ በስትሬት ውስጥ ከኪንግ በላይም ከ2 በታችም መሆን ትችላለች፤ ነገር ግን ኩዊን-ኪንግ-ኤስ-2-3 ስትሬት አይደለም።

የትኛውን እጅ ይዞ መግባት

ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ከ52 ካርታ ሁለት ሲታደል 1,326 የተለያዩ ጥምረቶች አሉ፤ የትኛው ምልክት እንደሆነ ትተን፣ ምልክታቸው አንድ መሆን አለመሆኑን ብቻ ይዘን ስንመድባቸው ወደ 169 ይወርዳሉ። ጥንድ የሚደርስዎ ከ17 እደላ አንድ ጊዜ ግድም ነው። የኤስ ጥንድ ደግሞ ከ221 አንዴ። ጥንድ ያልሆነ እጅ ይዘው ፍሎፑ ከሁለቱ ካርታዎ አንዱን የሚያጣምርልዎ ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ ምርጫ የሚገባ ሰው ከሦስት ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ፍሎፕ ላይ ይደርሳል።

ምርጫው በመቀመጫ ይወሰናል። በስድስት ሰው ጨዋታ ከትልቁ መደብ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ቀዳሚ ናቸው፤ ከኋላቸው ብዙ ሰው አለ፣ ማን ምን እንደያዘ አያውቁም። እዚያ ሲቀመጡ የሚገቡት በ8 ጥንድና ከዚያ በላይ፣ በኤስ-ኪንግ፣ በኤስ-ኩዊን፣ ምልክታቸው አንድ ከሆነ ደግሞ በኤስ-ጃክ እና በኪንግ-ኩዊን ነው። ይህ ሲቆጠር ከ16 እደላ አንዱን ያህል ነው። ጥብቅ ይመስላል፤ ጥብቅ መሆንም አለበት።

ሲኒው ፊትዎ ሲሆን፣ ወይም ሲኒው ከእርስዎ በስተግራ ባለው ሰው ዘንድ ሲሆን፣ ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ አይተው ይወስናሉ። ከፊትዎ ማንም ካልጨመረ ማንኛውንም ጥንድ፣ ኤስን ከ10 እና ከዚያ በላይ ጋር፣ ምልክቱ አንድ ከሆነ ኤስን ከየትኛውም ጋር፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ኪንግ-ጃክ፣ ኩዊን-ጃክ፣ እንዲሁም ምልክታቸው አንድ የሆኑ ተከታታዮችን ከ8-7 እስከ ጃክ-10 ይጨምሩ። ይህም ቢሆን ከአምስት እደላ አንዱን አይሞላም። ከፊትዎ ጨማሪ ካለ ወደ ቀዳሚው ጠባብ ምርጫ ይመለሱ። አንድ ማታ ሙሉ ከአሥር እጅ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን ቢጥሉ አይደንግጡ።

የሚያታልሉ እጆች አሉ። አንዱ ኤስ ከትንሽ ካርታ ጋር፣ ለምሳሌ ምልክታቸው የተለያየ ኤስ-6 ነው። ኤስ መሀል ሲወጣ ደስ ይልዎታል፤ ግን ኤስ ይዞ የሚከፍልዎ ሰው በብዛት ጎኗ ያለው ካርታ ከ6 ይበልጣል። ያኔ በጥንዱ እኩል ሆነው በጎን ካርታው ይበላሉ። ብዙ ያስከፍላል፣ ትንሽ ያስገኛል። ሁለተኛው ምልክታቸው አንድ ስለሆነ ብቻ የሚያዝ እጅ ነው፣ እንደ 10 እና 3 ልብ። ፍሎፕ ላይ የተሟላ ፍላሽ ማግኘት ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ አንድ የጎደለው አራት ምልክት ማግኘትም ከመቶ 11 ጊዜ ያህል ነው። ሦስተኛው ትንንሽ ጥንድ ነው። 4-4 ይዘው ሦስተኛ 4 ፍሎፕ ላይ የሚያገኙት ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለመግባት 10 ከተጠየቁ ተጋጣሚዎ ከፊቱ ቢያንስ 150 ያህል እንዳለው ይመልከቱ፤ ሲሳካልዎ የሚከፍልዎ ከሌለው ዋጋ የለውም። ካልወጣ ደግሞ ወዲያው ይጣሉት።

ትንሹን መደብ አስይዤያለሁና ልሙላው ማለትም ቀስ ብሎ የሚያደማ ስሕተት ነው። ያስያዙት አንድ በቆሎ የክምሩ (ሁሉም ያስያዘው ተደምሮ) ሆኗል፤ የእርስዎ አይደለም። በዚያ ላይ ከፍሎፕ ጀምሮ በየዙሩ ቀድመው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ ከወንበሮቹ ሁሉ መጥፎው እሱ ነው።

ከገቡ ጨምረው ይግቡ

ጥሩ እጅ ይዞ ዝም ብሎ ማሟላት ብልህነት የሚመስላቸው አሉ። ቁጥሩ ሌላ ይላል። የኤስ ጥንድ ከአንድ የዘፈቀደ እጅ ጋር እስከ መጨረሻ ቢሄድ ከመቶ 85 ጊዜ ያሸንፋል። ከአምስት ሰዎች ጋር ሲሆን 49 ግድም ይወርዳል። የበላይ የሆነው እጅ ያው ነው፤ ሰዉ ስለበዛ ግን አንዱ የሆነ ነገር ያገኛል። መጨመር ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ሰው ይቀንሳል፣ የቀሩት ደግሞ በደካማ እጅ ብዙ ይከፍላሉ።

መጠኑ፦ ትልቁ መደብ 2 ከሆነ 6 ያስይዙ፤ ከእርስዎ በፊት ዝም ብሎ ላሟላ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ይጨምሩ። ሁለት ሰዎች አሟልተው ከሆነ 10 ማለት ነው። በ6 አራት ሰው የሚከተልበት ቤት ከሆነ ወደ 8 ወይም 10 ከፍ ያድርጉት። እጅዎ ሲጠነክር ብቻ መጠኑን አያሳድጉ፤ ሦስት ጊዜ ካደረጉት ሁሉም ያውቅብዎታል።

የሚያድኑ ካርታዎችን መቁጠር

ፍሎፕ ላይ እጅዎ ካልተሟላ ሁለት ነገር ይቁጠሩ፦ የሚያድንዎ ስንት ካርታ እንደቀረና የተጠየቁት ዋጋ ከክምሩ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ።

አራት ልብ ካለዎ ካልታዩት 47 ካርታዎች ውስጥ 9 ልብ ቀርቷል። በሁለቱም ጫፍ የሚሞላ ስትሬት፣ ለምሳሌ 6-7-8-9፣ በ5 ወይም በ10 ይሞላል፤ 8 ካርታ። መሀሉ የጎደለ፣ እንደ 6-7-9-10፣ አራቱን 8 ብቻ ይጠብቃል። የመቶኛው አቋራጭ ቀላል ነው፦ ለአንድ ካርታ ቁጥሩን በ2 ያባዙ፤ ሁለቱንም ካርታ ተጨማሪ ሳይከፍሉ የሚያዩ ከሆነ ብቻ በ4። ዘጠኙ ልብ በአቋራጩ 18 ይሆናል፣ ትክክለኛው 19 ነው። በሁለት ካርታ 36 ይሆናል፣ ትክክለኛው 35። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በ4 አባዝተው፣ ከዚያ ተርኑ ላይ እንደገና ሲጠየቁ ነው።

ዋጋው እንዲህ ይሰላል። ክምሩ 30 ነው፣ ተጋጣሚዎ 15 አስያዘ። እርስዎም 15 ካሟሉ ጠቅላላው 60 ይሆናል፤ 15 የ60 ከመቶ 25 ነው። በአራት ልብ ለሚቀጥለው ካርታ ያለዎት 19 ብቻ ስለሆነ በራሱ አያዋጣም። የሚያዋጣው ልቡ ሲሞላ ተጋጣሚዎ ተጨማሪ እንደሚከፍል ካመኑ ነው፤ ልብዎ በኤስ የሚመራ ሲሆን ይህ ይበልጥ ይሠራል፣ በ7 የሚመራ ሲሆን ግን ሞልቶም ሊበላ ይችላል። ሲቆጥሩም ይጠንቀቁ፦ ስትሬትዎን የሚሞላው 10 በዚያው ለሌላው ሰው ፍላሽ የሚሞላ ከሆነ ከሚያድኑት ውስጥ አይቆጠርም።

አንድ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ሲኒው ፊትዎ ነው፤ ኤስ-ኩዊን ደረሰዎ። ሁለት ሰዎች 2 አሟልተዋል፣ እርስዎ 10 አስያዙ። ሁለቱ መደቦች ጣሉ፣ ሁለቱ አሟዮች ተከተሉ። ክምሩ 33። ፍሎፑ ኩዊን-9-4 ሆኖ ከመካከላቸው ሁለቱ ልብ ናቸው። ሁለቱም አለፉ። እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪ «እንዳይሸሹ» ብሎ ያልፋል፣ ወይም 5 ያስይዛል። 20 ያስይዙ። ኩዊን የያዘ በትንሽ ጎን ካርታ ይከፍልዎታል፤ ሁለት ልብ የያዘም ይከፍላል።

አንዱ ጣለ፣ አንዱ አሟላ፤ ክምሩ 73። ተርኑ ልብ ያልሆነ 2 ነው፣ ማንንም የሚረዳ አይመስልም። 45 ያስይዙ። ለምን 45? ተጋጣሚዎ ልብ የሚጠብቅ ከሆነ ከቀሩት 46 ካርታዎች 9ኙ ይሞሉለታል፣ ከመቶ 20 ያህል ማለት ነው። 45 ከፍሎ 163 ክምር ላይ መሳተፍ ከመቶ 28 ዋጋ ነው፤ ከዕድሉ በላይ እየከፈለ ነው። 10 ብቻ ቢጠይቁት ኖሮ ዋጋው ከመቶ 11 ብቻ ይሆን ነበር፣ መከተሉም ትክክል ይሆን ነበር። አነስተኛ ውርርድ ተጋጣሚን በርካሽ ማስተናገድ ነው።

አሟላ፤ ክምሩ 163። ሪቨሩ ሦስተኛ ልብ ሆነ። እስካሁን ዝም ብሎ ሲከተል የነበረው ሰው ድንገት 60 አስያዘ። ለማሟላት 60 ከፍለው 283 ክምር ላይ ይሳተፋሉ፤ ከአምስት አንድ ጊዜ እንኳ ቢያሸንፉ ለጥቂት ይከስራሉ። ሲከተል ብቻ የቆየ ሰው ሦስተኛው ልብ ሲወጣ ከሚያስይዝባቸው አምስት ጊዜዎች አንዱን እንኳ ያስፈራራል ወይ? እንዲህ ባለ ማታ ጨዋታ አያደርገውም። ይጣሉ። «ምን እንደያዘ ልየው» ብሎ 60 መክፈል ማታውን ሙሉ በትዕግሥት ያጠራቀሙትን ነው የሚበላው። ቢያልፍ ኖሮ ግን እርስዎም አልፈው ካርታ መግለጥ ይበቃል።

ማስፈራራት

ካርታ ሳይኖር አስይዞ ሌላውን ማስጣል የፖከር ታዋቂ ገጽ ነው፤ ለጀማሪ ግን የመጨረሻው ትምህርት መሆን አለበት። 40 ክምር ላይ 20 ቢያስይዙ የሚያዋጣዎ ቢያንስ ከሦስት አንድ ጊዜ ከጣሉልዎ ነው። የማይጥል ሰው አይፈራም፤ ሦስት ሰው ካለ ደግሞ አንዱ ሁልጊዜ ይከተላል። ማስፈራራት ካለብዎት አንድ ተጋጣሚ ብቻ ሲቀር፣ ቢከተልዎም እንደ አራት ልብ ያለ የሚያድን ካርታ ሲኖርዎ ይሁን። ሪቨር ላይ ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራትን ለጊዜው ይተዉት።

ጨዋታውን የሚያበላሹ ነገሮች

ጥራጥሬዎን ክምሩ ውስጥ አይበትኑ። ከተቀላቀለ ማን ስንት እንዳስያዘ አይታወቅም፣ ጠብም የሚነሳው በዚህ ነው። ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ዙሩ ሲያልቅ አዳዩ ይሰበስባል። ሲጨምሩ መጠኑን በቃል ተናግረው በአንድ ጊዜ ያውጡ፤ የተወሰነውን አውጥተው የሰው ፊት አይተው መድገም አይፈቀድም። ተራዎ ሳይደርስ አይጣሉ፤ ከኋላ ላለው ሰው ያላገባውን መረጃ ይሰጣል። በርጩማና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ የሚያዝ ካርታ ለጎረቤት ይታያል፣ ስለዚህ ካርታው ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ይቀመጥና ጥጉ ብቻ ተነስቶ ይታይ። መብራት ከጠፋ ሁሉም ካርታውን ደፍቶ እጁን ያንሣ፤ በሻማ ልብና ዳይመንድ ይምታታሉ።

ያለውን ሁሉ ያስያዘ ሰው ካለ ክምሩ ይከፈላል። ምሳሌ፦ አንዱ 30 ብቻ ነበረውና ሁሉንም አስያዘ፤ ሌሎች ሁለት እያንዳንዳቸው 80 አስያዙ። ከሦስቱም 30-30 ተወስዶ 90 በአንድ ሳህን ይቀመጣል፤ ሦስቱም ይወዳደሩበታል። የቀረው 50-50፣ ማለትም 100፣ የሁለቱ ብቻ ነው።

ተናዶ መጫወትም አለ። የኤስ ጥንድ በ7-2 ተበልቶ ቀጣዩን እጅ ሳይመርጡ መግባት የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ለሁለት እደላ ተነሥተው ቶናዎን ቆመው ይጠጡ።

ብቻዎን ለመለማመድ ስድስት እጅ ገልጠው ያድሉ፣ ሲኒውን ከአንዱ ፊት ያድርጉ፣ በየመቀመጫው የሚጣለውን ይጣሉ። ከዚያ አምስቱን ካርታ አውጥተው ማን እንደሚያሸንፍ ይዩ። 20 ጊዜ ደጋግመው ውጤቱን በወረቀት ይያዙ፤ የጣሉት ኤስ-6 ስንት ጊዜ በጎን ካርታ እንደሚሸነፍ በዓይንዎ ያዩታል።